በደቃቅ ፊደል፣ ከካርቶኑ ጀርባ

መምህር ተዋቸው ስሙ ሌላ፣ ግብሩ ሌላ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት የቆቦ ኑሮው አንድንም ሰው ትቶ አያውቅም።

ከደብረ ታቦር አካባቢ ተመድቦ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ሲመጣ ቆቦን ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር ያሰባት። ሙቀቷን ሲራገም፣ ዝውውር ሲጠይቅ፣ ዝውውሩ ሲቀርበት፣ ሚስትም ሳያገባ ጠጉሩ ሸበተ። ርዕሰ መምህር ይሆናል ሲባል ሌላ ሰው ተሾመ። ተማሪዎቹም ካደጉ በኋላ መንገድ ላይ ሲያዩት ሰላም ከማለት ይልቅ ድንገት ስልካቸው ትዝ ይላቸዋል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ረቡዕ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። አንዲት መምህርት የደረጃ ዕድገት አግኝታ ብስኩት ይዛ መጣች፤ ሁሉም አነሳ። ተዋቸው ግን ብስኩቱን ትቶ ማሸጊያውን አነሳና ገልብጦ አነበበ። «የወተት ዱቄት አለው» አለ ድምፁን ሳያነሳ። አሥራ አራት አፍ ባንድ ጊዜ ማላመጡን አቆመ። አንዱ ወደ መስኮት ሄዶ ተፋ፣ ሌላው የዋጠውን ዋጠና አማተበ፣ ባለ ብስኩቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ያ ጸጥታ ተዋቸውን ጣመው። እንጀራ ሆኖ ቢቀርብ ዕድሜ ልኩን የሚበላው ዓይነት ጣዕም ነበር። በሳምንቱ ወልድያ ሄዶ አጉሊ መነጽር ገዛ።

ከዚያ ወዲህ የቆቦ ሰው ማሸጊያ ያለው ነገር ሲገዛ ወደ እሱ ያመጣለት ጀመር። የመንሱር ሱቅ ደግሞ ዋናው ችሎቱ ሆነ። መንሱር ሠላሳ ያልሞላው፣ ከሒሳብ በፊት የቤተሰብ ደኅንነት የሚጠይቅ ልጅ ነው፤ ሱቁም መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ነው። እንግሊዝኛ የተማረው ከተዋቸው ነው፤ ማለትም አልተማረም። በላይኛው መደርደሪያ ላይ በካርቶን የሚመጣ የቁርስ እህል ይደረድራል፤ ኮርንፍሌክሱን፣ ባለ ቸኮሌቱን፣ በማር የተለወሰውን። የሚገዙት የመንግሥት ሠራተኞችና ከዓረብ አገር ዘመድ ገንዘብ የሚልክላቸው እናቶች ናቸው። ተዋቸው በቅዳሴ መልስ ሱቁ በር ላይ ይቆምና ካርቶኑን አንድ በአንድ ይዳኛል። ባለ ቸኮሌቱ ወተት አለበት፣ ፍስክ ነው። ባለ ማሩ ያጠራጥራል፣ ንቧም ፍጥረት ናት። ያ ከረሜላ የመሰለ ለስላሳ ነገር የተቀላቀለበት ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲን ከአጥንት ይቀቀላል፣ አጥንቱም የአሳማ ሊሆን ይችላል። ይህን የሰሙ የእስላም እናቶችም ካርቶኑን መልሰው አመጡት። መንሱር ዕቃውን ከፍቶ ለውሻ በተነው።

በራያ ቆላ «የጾም ነው» የሚለው ቃል ክብደት አለው። ክርስቲያንና እስላም አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ በሰርግም በለቅሶም ሁሉም እጁን የሚሰድበት ማዕድ የጾሙ ነው። የጾም ነው ያልከው ምግብ የሁሉም ነው፤ አይደለም ያልከው ሰውን ከሰው ይለያል። እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ በቀላሉ በማያዝን ሰው አፍ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሠራ ወለላ አይታለች።

ወለላ የተዋቸው አከራይ ናት። ከግቢዋ ኋላ ባለችው አንድ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ኖሯል። ባሏ ቀድሟት ሞቷል፤ ያላት ብርሃኑ የሚባል አንድ ልጅ ነበር፤ የመንሱር የልብ ጓደኛ። ብርሃኑ ሽንኩርት ሲጭን፣ ሲያወርድ፣ አይሱዙ ላይ ረዳት ሲሆን ቆይቶ አንድ ቀን ረዲ ከሚባል የሮቢት ልጅ ጋር በደላላ እጅ በአፋር በኩል ወጣ። ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ነው። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ፤ ነገ በጀልባ እንሻገራለን፣ አታስቢ አላት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ወለላ ጠበቀች፣ ጠበቀችና ለኅዳር ሚካኤል ተሳለች። የልጄን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ፍስክ የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም አለች።

ስለቷን ቀልድ አላደረገችውም። ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮውን ሲገድፍ እሷ ሽሮዋን ይዛ በር ዘግታ ተቀመጠች። በሁለተኛው ፋሲካ ግን ጨጓራዋ ጣላት። ሽሮው አቃጠላት፣ እንጀራው ተመለሰ፣ ውኃ እንኳ አልረጋ አላት። ጤና ጣቢያው ቀለል ያለ ነገር ብዪ፣ ወተት ጠጪ አላት፤ ወተቱን አልሰማሁም አለች። ይህን ጊዜ መንሱር ከሱቁ አንድ ኮርንፍሌክስ ይዞላት መጣ፤ በሞቀ ውኃና በስኳር አርሰው ቢቀምሱትስ አላት። እሷም ከመቅመሷ በፊት ካርቶኑን ወደ ኋላ ቤት ላከችው፤ መምህር ይይልኝ ብላ።

የፋሲካ ዕለት ነበር። ተዋቸው ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ አፉን በሥጋና በጠላ ክሶ ነበር፤ እጁ ቅባት ስለነበር አጉሊ መነጽሩን አላነሳም። በቆሎ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ብቅል። ከዚያ በታች የቫይታሚኖች ዝርዝር በደቃቅ ፊደል ተደርድሯል፤ ቫይታሚን ደግሞ ቫይታሚን ነው። «የጾም ነው፣ ይብሉ በሏት» አለ።

በላች፤ ረጋላትም። በሳምንቱ ተነስታ ግቢዋን ጠረገች። ከዚያ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ያቺን አንድ ሳህን እየበላች ሁለት ዓመት ኖረች፤ መንሱርም ያንን ካርቶን ለእሷ ብሎ ከደሴ ያስመጣላት ነበር። እውነቱን እንናገርና፣ ተዋቸው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለቆቦ የሠራው ደግ ሥራ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም የሠራው ሳያስብ ነው።

በመካከሉ ረዲ ከስደት ተባሮ፣ አጥንትና ቆዳ ሆኖ ተመለሰ። ሮቢት ሳያድር ወለላ ቤት መጣ። ከብርሃኑ ጋር የመን ውስጥ አብረው ከርመው ነበር። በዚያ እሷ በታመመችበት ፋሲካ፣ በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ድንበሩን ሊሻገሩ ሲሉ ተተኮሰባቸው። ሁሉም ተበተነ። «ሲሮጥ አየሁት እትየ። በእግሩ ነበር፣ ወላሂ በእግሩ ነበር» አላት። ወለላ ያቺን «በእግሩ ነበር» የምትል ቃል ይዛ ቀረች። በእግሩ የነበረ ሰው አንድ ቀን ይደርሳል፤ ስለቱም አለ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ተዋቸው ከስልኩ ላይ አንድ የውጭ አገር ጽሑፍ አገኘ። ሃይማኖትም ፋሲካም ሳይኖራቸው ዕድሜ ልካቸውን ከእንስሳ የወጣ ነገር የማይቀምሱ ሰዎች የጻፉት ነው፤ የትኛው የቁርስ እህል ለእኛ ይሆናል፣ የትኛው አይሆንም እያሉ ካርቶን ሲያገላብጡ። ተዋቸው መጀመሪያ ሳቀባቸው። ማስገደፊያ የሌለው ጾም! ቀጥሎ ወንድሞቹን ያገኘ ያህል ደስ አለው። ወደ ታች ሲወርድ ግን ሳቁ ቀረ። ወተት የሌለበት፣ ማር የሌለበት እህል እንኳ ቫይታሚን ዲ ከተጨመረበት ተጠንቀቁ ይላል፤ ይኸ ቫይታሚን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከበግ ጠጉር ላይ ከሚታጠብ ቅባት ነው፤ ከተክል የሚሠራም አለና ፋብሪካውን ጠይቁ።

ተማሪ ክፍል ውስጥ ትቶ ወደ መንሱር ሱቅ ሄደ። የወለላን ካርቶን አውርዶ አጉሊ መነጽሩን ደቀነበት። ቫይታሚን ዲ። ከምን እንደተሠራ አይልም። ላብ አጠመቀው።

ያላበው ለወለላ አዝኖ አይደለም። በዚያ ዓመት ዓይናለም የምትባል አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ወደ ትምህርት ቤቱ ተዛውራ መጥታ ነበር፤ እሷም ማሸጊያ ታነባለች፣ ያውም ያለ አጉሊ መነጽር። አንድ ቀን ይቺ ልጅ መንሱር ሱቅ ቆማ «ይኼ እኮ የበግ ቅባት አለው፤ ማነው የጾም ነው ያለው?» ብትልስ? ከተማው ሁሉ ማን እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ ቀድሞ ማውጣት አለበት።

ለወጉ ያህል ቄስ አራጌን ጠየቀ። ቄስ አራጌ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙትና በጉ ታርዷል ወይ አሉት። አልታረደም፤ ተሸልቶ ነው። «እንግዲያው ሴትዮዋን ተዋት። ባታውቅ ነው የበላችው፤ ብታውቅም እኔ አለሁ» አሉት። ተዋቸው ግን የቄስ ፍርድ አይበቃውም፤ ቄስ ካርቶን አያነብም። በካርቶኑ ላይ ላለው የፋብሪካው የኢሜይል አድራሻ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ አርሞ ላከው። መልሱን ቢጠብቅ ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። አልጠበቀም። መጋቢት አሥር ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ወለላ ቤት ገባ። ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ልትበላ ነበር።

«እትየ ወለላ፣ ይኼ የሚበሉት የጾም አይደለም» አላት።

ቀለደ ብላ ፈገግ አለች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲቀልድ ሰምታው ግን አታውቅም ነበርና ፈገግታዋ ወዲያው ከሰመ። ተቀመጠና አስረዳት፤ ቅባቱን፣ በጉን፣ ቫይታሚኑን፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳው ሁለት ሁለቴ እየደገመ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተ አይደለህም ወይ የጾም ነው ያልከኝ? ያኔ እንዲህ ያለው ነገር አይታወቅም ነበር አለ። ለፋብሪካውም ጽፌአለሁ፣ እኔ አውቄ ዝም ብዬ በኃጢአት አልኖርም አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ያ የመጀመሪያውስ?» አለችው። «ያ የፋሲካ ለታው?»

«እሱም።»

ወለላ ሳህኑን መሬት አስቀመጠችና በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ፋሲካ እሑድ። ሰኞ። ማክሰኞ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ተዋቸው ምን እንደምትቆጥር አልገባውም፤ የቫይታሚኑን ነገር ሊደግምላት ሲል ስምንተኛው ጣቷ ላይ ደረሰች። ዳግማይ ትንሣኤ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ልጄን በማንኪያ በላሁት» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቶኑን አልነካችም። ስለቴን እንደ አዲስ ጀመርኩ ብላ የገብስ ቆሎና ውኃ ብቻ ትቀምሳለች፤ ያቺ የተቃጠለች ጨጓራዋ ቆሎውን የት ታስቀምጠው። መንሱር በየቀኑ መጣ። ዳቦ በሻይ አመጣ፣ አጥሚት አሠርቶ አመጣ፤ ሁሉንም ምን እንዳለበት ማን ያውቃል እያለች መለሰችው። «አብሽሪ እትየ፣ አላህ ልብሽን ነው የሚያየው እንጂ ካርቶን አያነብም» አላት፤ ትልቅ ሰው መሆኗን ረስቶ፣ እንደ እናቱ እያባበለ። ቄስ አራጌም መጥተው እግዚአብሔር ይፍታሽ አሏት። እኔ ይፍታኝ አላልኩም አባ፣ ልጄ ይምጣልኝ ነው ያልኩት አለቻቸው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የምታስመልሰው እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። ጤና ጣቢያው ወደ ወልድያ ሆስፒታል ጻፈላት፤ አልሄድም አለች።

መጋቢት ሃያ ሰባት ቀን ተዋቸው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከፋብሪካው ነው። ደብዳቤው ትሑትና አጭር ነበር። ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን፤ በዚህ ምርት ውስጥ የምንጠቀመው ቫይታሚን ከእንጉዳይ የተሠራ ነው፤ ከእንስሳ የተገኘ ምንም ነገር የለበትም፤ ኖሮበትም አያውቅም።

ሦስት ጊዜ አነበበው። ተነስቶ መሄድ ነበረበት፤ ከትምህርት ቤቱ ወለላ ቤት በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። አልተነሳም። መጀመሪያ የጾም ነው፣ ቀጥሎ ፍስክ ነው፣ አሁን ደግሞ የጾም ነው ያለ ሰው ምን ይባላል? ዓይናለም ብትሰማ ምን ትላለች? ትንሽ ሻል ሲላት እነግራታለሁ ብሎ አሰበ። ቀጥሎም ከፋሲካ በኋላ ይሻላል አለ፤ ያኔ ነገሩ ይረሳሳል። ደብዳቤውን አልሰረዘውም፤ ትክክለኛ ነገር መሰረዝ አይወድም።

በማግስቱ ጠዋት በበሯ ሲያልፍ ጠራችው። መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ ተሸብሽቦ ጭብጥ አክሏል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«መምህር፣ ያ የጻፍክላቸው ፋብሪካ ምን አለ?»

ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ነገር ነበር። ተስፋ ማለት ይከብዳል፤ አንድ ሰው በር ሲንኳኳ ቀና እንደሚለው ያለ ነገር ነው። ተዋቸው አይቶታል። አላየሁም ሊል አይችልም።

«ገና ነው» አላት።

«እሺ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን በበሯ አለፈ፤ ዘጠኝ ቀን እንዴት አደሩ አላት። በስምንቱ እግዚአብሔር ይመስገን አለችው። በዘጠነኛው አልመለሰችለትም፤ የሕማማት ማክሰኞ ነበር። በዚያ ሳምንት ፍትሐት የለም። ሆሣዕና ዕለት ለሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ከተደረገው በቀር ለወለላ ለብቻዋ የተደገመላት ጸሎት አልነበረም፤ ደወልም አልተደወለላትም። ቀብሯ ከሚቀበር ሰው ይልቅ የተሰወረ ሰው የሚሸኙ አስመሰላቸው። መንሱር ሬሳውን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሄደና እዚያ ቆመ።

በማግስቱ የእድሩ ድንኳን ግቢዋ ውስጥ ተተክሎ ሰው ሞላው። ከስግደት የተመለሰው ሰው የሚቀምስበት ሰዓት ሲደርስ መንሱር ከባጃጅ ላይ ሁለት ትልልቅ ካርቶን አወረደ። ለወለላ ብሎ ከደሴ ያስመጣው፣ ፍስክ ከተባለ ወዲህ ማንም ያልገዛው ኮርንፍሌክስ ነው። ለለቀስተኛው ነፍሷን ይማር ብሎ ሊያቀምሰው አስቦ ነበር፤ ግን በሕማማት የጿሚን አፍ እንዳያረክስ ፈራ። ስለዚህ ድንኳኑ መሀል ወደተቀመጠው ወደ ተዋቸው ሄዶ ጎንበስ አለ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ድሮው ሊያስነብብ ነው።

«መምህር፣ ይኼ ፍስክ ነው ብለው የለ? ለሕፃናቱ ብቻ ልስጠው?»

ሰዉ ሁሉ ዞር አለ። ቄስ አራጌ አሉ። ዓይናለም በሴቶቹ በኩል ተቀምጣለች። አሥራ አራት አፍ አልነበረም፤ መቶ የሚሆን ሰው ጆሮውን ቀስሮ ነበር። ተዋቸው ካርቶኑን ተቀበለና በልማዱ ጀርባውን ገለበጠው። ለአንዲት የታመመች ሴት፣ ሰሚ በሌለበት፣ መዋሸት ሆኖለታል። በሰው ፊት የተሳሳተ ፍርድ መስጠት ግን እንኳን አፉ፣ አጥንቱም እሺ አይለውም።

«የጾም ነው» አለ። «ፋብሪካው መልስ ጽፏል። ከእንጉዳይ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ያነሱትን የሻይ ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡት። መንሱር እንደጎነበሰ ነው፤ ያልሰማ መስሎ ነበር።

«መቼ ጻፈ?»

«መጋቢት ሃያ ሰባት» አለ ተዋቸው። ቀን አዛብቶ አያውቅም።

መንሱር ቀና አለና እንደ እሷው በጣቱ ቆጠረ። አሥር ሲሆን አቆመ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ አስተማሪው ነውና አንቱ ማለቱንም አልተወም። ወደ ወለላ ጓዳ ገብቶ የእሷን ሳህንና የእሷን ማንኪያ ይዞ ወጣ። ካርቶኑን ቀደደው፤ ከጀበናው አጠገብ ከተጣደው ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃ ቀዳበት፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት፤ እሷ እንደምታደርገው አማሰለና ተዋቸው ጭን ላይ አስቀመጠው።

«እንግዲያው ይብሉ መምህር» አለው። «የጾም ነው።»

ተዋቸው ቄስ አራጌን አያቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ዓይናለምን አያት፤ እሷ እሱን ታያለች። ይበቃዋል፣ ተወው የሚል ሰው ጠበቀ። ድንኳኑ ውስጥ ያ በአንድ ረቡዕ የጣመው ጸጥታ ሞላ። ሳህኑ ጥልቅ ነበር፤ ማንኪያውን አነሳና መብላት ጀመረ፤ እስኪጨርስም ማንም ከቦታው አልተነሳም።